አዮንን የሰየመው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፦ ማይክል ፋራዳይ

ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1791 በለንደን አቅራቢያ ከአንድ ድሃ አንጥረኛ ቤት ተወለደ። ቤተሰቡ ሳንዲማናውያን ከሚባሉ ጥቂት ምዕመናን ጋር ጌታን ያመልክ ነበር። በ14 ዓመቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ለጥረዛ የሚመጡትን መጻሕፍት ሲያነብ የሳይንስ ፍቅር አደረበት። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የታዋቂው ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪ ረዳት ሆነ። በ1821 ሳራ ባርናርድን አገባ፤ በዚያው ዓመት በጉባኤው ፊት እምነቱን መስክሮ የቤተ ክርስቲያን አባል ሆነ።

በ1830ዎቹ ፋራዳይ ኤሌክትሪክ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን መረመረ። ከባትሪ ጋር የተያያዙ ሁለት ዘንጎች በቀለጠ ጨው ውስጥ ሲገቡ፣ ጨው የተሠራበት ነገር ተከፍሎ አንዱ ወደ አንደኛው ዘንግ፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ያለፈው ኤሌክትሪክ በጨመረ ቁጥር በዘንጎቹ ላይ የሚወጣው ነገር በዚያው ልክ እንደሚጨምር ለክቶ አረጋገጠ። በ1834 እነዚህን ተጓዦች በሊቁ ዊልያም ሂዩዌል ምክር አዮን ብሎ ጠራቸው፤ በግሪክኛ ሂያጅ ማለት ነው።

ሆኖም ቻርጅ የሚሸከሙት ለምን እንደሆነ አላወቀም። ኤሌክትሮን የተገኘው እርሱ ከሞተ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1897 ነው። ፖዘቲቭ የሆኑት ፕሮቶኖችና ነጋቲቭ የሆኑት ኤሌክትሮኖች በቁጥር እኩል ሲሆኑ አቶሙ ቻርጅ የለውም። ሶዲየም ከ11 ኤሌክትሮኖቹ አንዱን ሲሰጥ ፖዘቲቭ አዮን ይሆናል፤ ክሎሪን በ17ቱ ላይ አንድ ሲቀበል ነጋቲቭ ይሆናል። ሞለኪዩልም እንዲሁ ነው፤ አሞኒያ አንድ ፕሮቶን ሲጨመርለት አሞኒየም የተባለ ፖዘቲቭ አዮን ይሆናል።

ፋራዳይ በ1840 ሽማግሌ ሆኖ ተመረጠ፤ ቃሉን ያስተምር፣ ሕሙማንንም ይጎበኝ ነበር። በ1844 በጉባኤው በተነሣ አለመግባባት ለጥቂት ጊዜ ከአባልነት ተለየ። ዝናው ሌላ በር ሊከፍትለት ሲችል ወንድሞቹን ትቶ አልሄደም፤ ተመልሶ በ1860 ዳግመኛ ሽማግሌ ሆነ። የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዝዳንትነትና የሰር ማዕረግን አልቀበልም አለ። ኦገስት 25 ቀን 1867 ዐረፈ፤ በለንደን በሃይጌት መካነ መቃብርም ያለ ታላቅ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ።

ወገኖች፣ ብዙ ወጣቶቻችን በትምህርት ቤት መልስ ያጡለት ጥያቄ ሲገጥማቸው እምነታቸው የተናጋ ይመስላቸዋል። ፋራዳይ ትልቁ ጥያቄው ሳይመለስለት ሞተ፤ ነገር ግን የለካውን በእውነት መዘገበ፣ በጉባኤው መካከልም ጸንቶ ኖረ። ያላወቀውን ሌሎች በእርሱ ሥራ ላይ ቆመው አገኙት። እኛም የተሰጠንን በታማኝነት እንሥራ። ጌታ ይባርካችሁ።