ራፋኤል ለምኪን፦ ስደተኛው የሕግ ሊቅ፣ የዘር ማጥፋት ወንጀል ጥናትና ኢትዮጵያ

የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በማጽደቅ ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ቀዳሚ ናት። ያጸደቀችውም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። የስምምነቱ ጠንሳሽ ፖላንዳዊው አይሁዳዊ የሕግ ሊቅ ራፋኤል ለምኪን በአብዛኛው የሚታወቁት ለወንጀሉ ስም በማውጣታቸው ነው። ይሁን እንጂ በስደት ላይ ሆነው ሰነድ ያሰባሰቡ ተመራማሪ፣ የታሪክ አጥኚና መምህርም ነበሩ። የሥራቸው ስኬትም ጉድለትም በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል።

ለምኪን እ.ኤ.አ. በ1900 በያኔው የሩሲያ ግዛት፣ በዛሬዋ ቤላሩስ፣ በቮልኮቪስክ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው የምርምራቸውን አቅጣጫ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1921 በርሊን ላይ የተካሄደ አንድ ችሎት ነው። የኦቶማን መንግሥት የቀድሞ መሪ የነበሩትን ታላት ፓሻን የገደለ አርመናዊ ወጣት በነፍስ ግዳይ ሲከሰስ፣ ታላት ፓሻ በአርመናውያን ላይ ስለተፈጸመው ፍጅት በዓለም አቀፍ ሕግ የሚጠየቁበት መንገድ አልነበረም። አንድ ሰው መግደል ወንጀል ሆኖ ሕዝብን መፍጀት በሉዓላዊነት ከለላ የሚታለፍበት ምክንያት ለለምኪን የዕድሜ ልክ ጥያቄ ሆነ። በዋርሶ ዐቃቤ ሕግ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ማድሪድ ለተካሄደ የሕግ ጉባኤ፣ ሕዝብን በማንነቱ ማጥቃትና ባህላዊ ቅርሱን ማውደም ዓለም አቀፍ ወንጀል እንዲሆኑ ሐሳብ አዘጋጁ፤ ሐሳቡ ግን ተቀባይነት አላገኘም።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር ለምኪን ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በመንገዳቸው ወላጆቻቸውን ቢያገኙም ቤተሰቡ ቀዬውን ትቶ ለመሰደድ ፈቃደኛ አልሆነም። እርሳቸው በሊቱዌኒያ በኩል ስዊድን ገብተው በስቶክሆልም እያስተማሩ፣ ጀርመን በያዘቻቸው አገሮች የታወጁትን ዐዋጆችና ደንቦች መሰብሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1941 በሶቭየት ኅብረትና በጃፓን አቋርጠው አሜሪካ ሲደርሱ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተቀበላቸው።

የጥናት ዘዴያቸው ዋና ብርታት በእነዚህ ሰነዶች ላይ የተመሠረተ ነው። ለምኪን የፍጅቱን ዕቅድ ከራሱ ከወራሪው ሕግ አነበቡት። የንብረት መውረስ፣ ከመኖሪያ ማፈናቀል፣ የቋንቋና የትምህርት ክልከላ፣ ምግብን በዘር ለይቶ መመጠን በየራሳቸው ሲታዩ ተራ የአስተዳደር ውሳኔዎች ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ወደ አንድ ዓላማ ያመራሉ። ስለዚህ መፈናቀል የጦርነት ድንገተኛ ውጤት ብቻ ሳይሆን የማጥፋቱ ሂደት አንድ እርከን ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሂደት ከግሪክና ከላቲን ቃላት አጣምረው ጄኖሳይድ አሉት። ከጦርነቱ በኋላ 49 ዘመዶቻቸው ማለቃቸውን ተረዱ።

ለምኪን በዬልና በራትገርስ ዩኒቨርሲቲዎች አስተምረዋል። ከጥንት ዘመን ጀምሮ በሄሬሮና በአርመን ሕዝቦች ላይ እስከተፈጸሙት ፍጅቶች ድረስ የሚዘልቅ ሰፊ የዘር ማጥፋት ታሪክም ሲጽፉ ቆይተው ሳይጨርሱት ቀሩ። የታሪኩ ዓላማ ወንጀሉ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ሕዝብ ዕጣ ብቻ አለመሆኑን ማሳየት ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስምምነቱን ፓሪስ ላይ የተቀበለው ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. ነው። በሥራ ላይ ለመዋል የ20 አገሮች ማጽደቅ ያስፈልገው ስለነበር ለምኪን በተለይ በትናንሽ አገሮች ላይ ተስፋ ጣሉ። ኢትዮጵያ በፋሺስት ወረራ የመርዝ ጋዝንና የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያየች፣ ከጦርነቱ በኋላም ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለፍርድ ለማቅረብ ጠይቃ ያልተሳካላት አገር ነበረች። ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ ቀዳሚ ማጽደቋ ተራ የዲፕሎማሲ ሥርዓት ብቻ አይመስልም።

ስምምነቱ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም። የባህል ማጥፋት ከረቂቁ ወጣ፤ ይህም ለምኪንን አሳዝኗል። የፖለቲካ ቡድኖችም ከጥበቃው ውጭ ቀሩ፤ ለምኪን ይህን የተቀበሉት ስምምነቱ እንዳይከሽፍ በመስጋት ነበር። የ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንጻሩ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችንም በጥበቃው ውስጥ አካተተ። የዚህ ልዩነት ክብደት የታየው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በአብላጫ ድምፅ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያደረገው በዚሁ አንቀጽ መሠረት ነበር። የቀይ ሽብር ሰለባዎች የተገደሉት በፖለቲካ አቋማቸው በመሆኑ፣ ዓለም አቀፉ ትርጓሜ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ለዚህ ክስ አይበቃም ነበር።

ለምኪን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በልብ ሕመም በድንገት አረፉ። በቀብራቸው ላይ የተገኙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ መጠጊያ የሆነቻቸው አሜሪካም ስምምነቱን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የታሪክ ጥናታቸውም የታተመው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ፍጅትና መፈናቀል ለሚያጠና ሰው ሥራቸው ሁለት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው፣ የአስተዳደር ሰነድ በጥንቃቄ ሲነበብ የወንጀል ምስክር ሊሆን እንደሚችል ነው። ሁለተኛው፣ የሕግ ትርጓሜ ከድርድር የሚወለድ በመሆኑ፣ ከትርጓሜው ውጭ የቀሩትን ሰለባዎች መመርመር የተመራማሪው ኃላፊነት መሆኑ ነው።