ጅረቱን ለማሳየት ምኑን ልተው? የሠዓሊው የማርቲን በርናትስ ሕይወት

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ የወረደ ሰው ያንን አገር ያውቀዋል። ገደሉ፣ እርከኑ፣ ማሳው፣ ወደ አዋሽ የሚወርደው ጅረት፣ በጅረቱ ዳር የተጠጋጋው ዛፍ፣ ሁሉም ባንዴ ዓይን ይሞላል። ለመንገደኛ ይህ ደስታ ነው፤ ለሠዓሊ ግን ችግር ነው። ሁሉን ልሣል ያለ እንደሆነ ወረቀቱ ይጨናነቅና ጅረቱ ራሱ ይጠፋል። ታዲያ የቱ ይያዝ? የቱስ ይቅር? ከ180 ዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ወረቀትና እርሳሱን ይዞ የወጣ አንድ ጀርመናዊ ነበር። ስሙ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ይባላል።

በርናትስ በ1802 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በሽፓየር ከተማ ተወለደ። በ1836 እና በ1837 ሹበርት ከተባሉ የሙኒክ ፕሮፌሰር ጋር ወደ ግብፅ፣ ወደ ሲናና ወደ ፍልስጥኤም ተጓዘ። ከዚያ ጉዞ የተገኙት የቅድስት አገር ሥዕሎች በ1839 ታተሙ። ሮት የተባለ ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪም አብሯቸው ነበር። ሁለቱ ኋላ ሸዋን ለማየት በቅተዋል።

በ1841 ህንድን ይገዙ የነበሩት እንግሊዞች ከሸዋው ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል እንዲፈጸም ሲፈልጉ፣ በሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ መልእክተኛ ከቦምቤይ ላኩ። በርናትስ የጓዙ ሠዓሊ ሆነ። ፎቶግራፍ ያኔ ገና ጀማሪ ስለነበር፣ ሩቅ አገርን ለአውሮፓ የሚያሳየው የሠዓሊ እጅ ነበር።

ከታጁራ ተነሥተው በአፋር በረሃ አቋረጡ። ጉዞው ቀላል አልነበረም፤ አንድ ሌሊት ከጓዶቻቸው ሦስቱ በተኙበት ተገደሉ። ከባሕር ወለል 150 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን ሐይቅ በርናትስ ሥሎታል። እዚያ ነጭ ጨው፣ ጥቁር ድንጋይና ሰማያዊ ውሃ አለ፤ በቃ። ተፈጥሮ ራሷ ትርፉን ሁሉ አስወግዳ ትጠብቃለች። ሐምሌ ላይ አሊዩ አምባ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ክረምት ነው፤ አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ውሃው ከየሸለቆው ይወርዳል። እዚህ የማስወገዱ ሥራ የሠዓሊው የራሱ ነው።

እንዲህ ያለ መንገደኛ ሠዓሊ ቁጭ ብሎ የሚያጌጥበት ጊዜ የለውም። ግመሉና በቅሎው አይጠብቀውም። ስለዚህ አስቀድሞ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያያል። ያን ጊዜ ቅጠላ ቅጠሉ ይጠፋና ሦስት ነገር ብቻ ይቀራል፤ ብርሃኑ፣ መካከለኛውና ጥላው። ዛፎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ አንድ ክምር ይይዛቸዋል። የቅርቡን አጥቁሮ፣ የሩቁን ተራራ አሳስቶ ይሥላል። ጅረቱ ከእግር ሥር ሰፊ፣ ወደ ሩቅ ሲሄድ እየቀጠነ ይጠፋል። ውሃው ሰማዩን ባንጸባረቀበት ነጣ፣ የዳሩ ጥላ ባረፈበት ጠቆር ይላል። ከመቶ ድንጋይ ሦስት አራቱ ይበቃሉ። በሊቶግራፍ፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ኅትመት ሲሆን ደግሞ ለየቀለሙ ሌላ ድንጋይ ስለሚያስፈልግ ቁጠባው የግድ ነው።

ነገር ግን ጥያቄው እዚህ አያበቃም። አሊዩ አምባ በዓርብ ገበያዋ የታወቀች የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ ይለወጥባታል። አጠገቧ በነበረው በአብዱል ረሱል ገበያ ግን ሰው በባርነት ይሸጥ ነበር። የተሸጡትም በዚያው በውብ ሸለቆ ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። የመሬት ገጽታ ሥዕል፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ይህን ብቻውን አይነግረንም። እንግዲህ ቅጠልን መተው ጥበብ ነው፤ ሰውን መተው ግን ሌላ ነገር ነው። ሥዕል የሚያይ ሰው ምን አለ ብቻ ሳይሆን ምን ቀረ ብሎም መጠየቅ አለበት።

ውሉ በኅዳር 1841 ተፈረመ፤ ፍሬው ግን እንደታሰበው አልሆነም። መልእክተኛው በ1843 ሸዋን ለቆ ሄደ። በርናትስ ወደ ሙኒክ ተመልሶ ሥዕሎቹን አዘጋጀ፤ በ1852 በሁለት ጥራዝ ታተሙለት። አንዱ ስለ አፋር ቆላ፣ ሁለተኛው ስለ ሸዋ ደጋ ነው። በ1878 እዚያው ሙኒክ አረፈ። መጽሐፉ ዛሬም የዚያን ዘመን ሸዋን ለሚያጠና ሁሉ የሚያገለግል ቅርስ ነው።

ሠልጣኞች ሆይ፣ ነገ በምትመደቡበት ገጠር የሥዕል ቀለም ላይኖር ይችላል። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ግን አይጠፋም። የመንደሩን ጅረት በአሥር መስመር የሣለ መምህር፣ ከትልቅ የግድግዳ ካርታ የበለጠ ያስተምራል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔው ብርሃን፣ ሰሌዳው ጥላ መሆኑን ብቻ አትርሱ። ከዚያም ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ውሃ የምትቀዳውን ልጅ ትታችኋት እንደሆን እስቲ ቆም ብላችሁ እዩ።