የእንፍራዙ ዘርዓ ያዕቆብ፦ ሃይማኖቶችን ሁሉ የጠየቀው የግዕዝ ፈላስፋ



የልጅ ልጆቻችን በትምህርት ቤት የአውሮፓ ፈላስፎችን ስም ይማራሉ። ሎክ፣ ቮልቴር፣ ሩሶ፣ ካንት እያሉ ያጠናሉ። እነዚህ ሰዎች የተነሡበት ዘመን በአማርኛ የአብርሆት ዘመን ይባላል፤ በዕብራይስጥ ኔኦሩት ይሉታል። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሰው ከአባቱ ስለ ሰማ ወይም ንጉሥ ስላዘዘው ብቻ አይመን፣ በተሰጠው አእምሮ ራሱ ይመርምር የሚል ነው። ልጆቹ ይህን ተምረው ቤት ሲገቡ፣ አያቶቻቸው ስለዚህ ጉዳይ የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም።

ታዲያ ይህንኑ ጥያቄ በግዕዝ የጠየቀ ሰው እንፍራዝ ላይ ኖሮ አለፈ ብንላቸውስ? ከጎንደር ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ያለችውን እንፍራዝን ከመካከላችሁ ብዙዎች ታውቋታላችሁ። ሰውየው ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል። ስሙን ስትሰሙ ግን ንጉሡ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳይመስላችሁ። ቤተ እስራኤልን ያሳደደው ንጉሥ ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ነው። የእኛው ፈላስፋ ከእርሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተወለደ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወቱን ታሪክ የምናገኘው ሐተታ ከተባለው የግዕዝ መጽሐፉ ነው። ሐተታ ማለት እንግዲህ ምርመራ፣ ነገርን ከሥሩ መጠየቅ ማለት ነው። በመጽሐፉ ላይ በሊቃውንት መካከል ክርክር አለ፤ እርሱን ወደ ታች እናነሣዋለን። አስቀድመን መጽሐፉ የሚለውን እንስማ።

ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 በአክሱም አገር ተወለደ። ሰው የሚጠራው ወርቄ እያለ ነበር። አባቱ ድሃ ቢሆንም ልጁን ለትምህርት ሰጠው። ልጁ ዳዊት ደገመ፤ መምህሩም ይህ ልጅ ብሩህ ነው፣ ቢማር ሊቅ ይሆናል ብሎ ለአባቱ ነገረው። ወደ ዜማ ቤት ሲገባ ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ጓደኞቹ ሳቁበት። ስለዚህ ዜማውን ትቶ ቅኔና ሰዋስው አራት ዓመት ተማረ። ከዚያም በመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ አሥር ዓመት ቆየ። ተምሮ ሲጨርስ ወደ አገሩ ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። ከ1607 ጀምሮ የነገሠው ሱስንዮስ በ1622 የፈረንጆቹን የካቶሊክ ሃይማኖት በአደባባይ ተቀበለ። ሕዝቡም እንዲከተለው አስገደደ፤ እምቢ ያለው ተሰደደ፣ ተገደለ። ይህ ንጉሥ ለእኛም ሕዝብ የታወቀ ነው። በሰሜን ተራሮች ከቤተ እስራኤል ጋር የተዋጋው፣ ጌዴዎን የሞተበት፣ ሕዝባችን ተጠመቁ ተብሎ የተገደደበት ጊዜ የእርሱ ዘመን ነው። እንግዲህ የዘርዓ ያዕቆብ ጥያቄ የተወለደው አባቶቻችን ካለፉበት ከዚያው እሳት ውስጥ ነው።

መምህሩ ዘርዓ ያዕቆብ ሲያስተምር አንድ ልማድ ነበረው። መጽሐፍ ሲተረጉም ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያኑ ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያስረዳል። ይህ ይሻላል፣ ያኛው ተሳስቷል አይልም። በዚህ የተነሣ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ሰው፣ የንጉሡ ወዳጅ፣ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን እንደ ሰማ በሌሊት ጠፋ። የያዘው የነበረውን ሦስት ወቄት ወርቅና ዳዊቱን ብቻ ነው።

ሰው ወደማይደርስበት ገደል ወርዶ አንድ ዋሻ አገኘ። አውሬ እንዳይገባበት አጥር ሠራለት፤ ሱስንዮስ እስኪሞት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል በዚያ ተቀመጠ። ምግብ ሲያልቅበት ወጥቶ ይለምናል፣ ተመልሶ ይገባል። ዳዊት እየደገመ፣ እየጸለየ ያስብ ጀመር። ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ይህን ሁሉ ክፋት ሲሠሩ እርሱ ዝም የሚለው ለምንድን ነው? በእርግጥ የሚሰማ አምላክ አለ ወይ? ብሎ ጠየቀ።

መልሱን ያገኘው ከራሱ ጀምሮ ነው። እኔን የፈጠረኝ ማን ነው? አባትና እናቴ ወለዱኝ። እነርሱንስ? አያቶቼ። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ማንም ያልፈጠረው አንድ ፈጣሪ የግድ መኖር አለበት ወደሚል ደረሰ። ቀጥሎም ሌላ ጥያቄ መጣበት። ፈረንጁ ሃይማኖቴ ትክክል ነው ይላል፤ ግብጻዊውም እንዲሁ። እስላሙን ቢጠይቁት፣ አይሁዳዊውን ቢጠይቁት፣ እያንዳንዱ እውነት ያለው በእኔ ዘንድ ነው ይላል። ዳኛው ማን ይሁን? ሰው ሁሉ ለራሱ ወገን ያደላል። ዘርዓ ያዕቆብ የደረሰበት ፍርድ ይህ ነው፤ ፈጣሪ በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ የልቡና ብርሃን አኑሯል፤ ሰው ነገሩን በዚያ ብርሃን ይመርምር። ይህ ብርሃን ለአንድ ሕዝብ ብቻ አልተሰጠም፤ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው።

ሱስንዮስ በ1632 ሞተ፤ ልጁ ፋሲለደስ ነገሠ። ዘርዓ ያዕቆብም ከዋሻው ወጥቶ ሲዘዋወር እንፍራዝ ደረሰ። እዚያ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ ሰው ተቀበለው። መጽሐፍ ጻፍልኝ አለው፤ ዳዊት ገልብጦ ሰጠው። ጽሕፈቱን ያዩ ሌሎችም ያሠሩት ጀመር። ሁለቱን የሀብቱን ልጆችም አስተማረ። መነኩሴ ሆኖ መለመንን አልወደደም፤ በእጁ ሥራ ማደርን መረጠ። ፋሲለደስ ጎንደርን የቆረቆረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በጎንደር ግንብ ሥራ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አንጥረኞች እጅ እንዳለበት ከአባቶቻችን የሰማነው ነው። ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ እነርሱ ድንጋይ ሲጠርቡ እርሱ ብራና ይጽፍ ነበር።

በሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። መልኳ የሚያምር አልነበረም፤ ግን አስተዋይ፣ ታጋሽ፣ ጠባየ መልካም ነበረች። ዘርዓ ያዕቆብ ላግባት ብሎ ጌታዋን ጠየቀ። ሀብቱም እንግዲህ የአንተ ገረድ ትሁን አለው። ዘርዓ ያዕቆብ ግን ገረዴ ሳትሆን ሚስቴ ትሁን አለ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና። እርሷንም ራሷን ፈቃዷን ጠየቃት። በዚያን ዘመን፣ በዚያ አገር፣ ገረድን ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበር እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ተጋቡ፣ ወንድ ልጅ ወለዱ፣ በፍቅር ኖሩ።

ዘርዓ ያዕቆብ ሐሳቡን በአደባባይ አልተናገረም። ከሰው ጋር እንደ ሰው እየኖረ በልቡ ያመነውን በልቡ ያዘ። በ1667፣ ዕድሜው 68 ሲሆን፣ የሀብቱ ልጅ ተማሪው ወልደ ሕይወት ለምኖት መጽሐፉን ጻፈ። ወልደ ሕይወት እንደሚለው መምህሩ በ93 ዓመቱ፣ በ1692 ዐረፈ። ተማሪውም የራሱን ሐተታ ጨምሮ ጻፈ።

እንግዲህ ከአውሮፓዎቹ ጋር እናስተያየው። ፈረንሳዊው ዴካርት የተወለደው በ1596 ነው፤ ሁሉን ተጠራጥሮ ከራሱ አእምሮ የጀመረበትን መጽሐፍ በ1637 አሳተመ። እንግሊዛዊው ሎክ መንግሥት የሰውን እምነት በጉልበት ሊያዝ አይገባም ብሎ የጻፈው ደብዳቤ በ1689 ወጣ። ጀርመናዊው ካንት አብርሆት ማለት ሰው በሌላ ሞግዚትነት መኖርን ትቶ በራሱ አእምሮ መጠቀም ነው ብሎ ያስረዳው በ1784 ነው። ሐተታው እንደሚለው ከሆነ ይህ የግዕዝ ሊቅ ከሎክም ከካንትም ቀድሞ ጽፏል ማለት ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ፤ ደብቆ ማውራት አይገባምና። ዘርዓ ያዕቆብ ክርስቲያኖችን ብቻ አልጠየቀም። ምንኩስናንና የጾም ሥርዓትን ነቀፈ። ከእስልምና በኩል ብዙ ሚስት ማግባትንና ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛትን ተቃወመ። ወደ ኦሪትም መጣ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ርኩስ ናት የሚለውን ሕግ አልተቀበለም። ከዐሥርቱ ቃላት ዘጠኙን ልቡና ይመሰክርላቸዋል አለ፤ ስለ ሰንበት ግን ልቡናችን የሚናገረው ነገር የለም አለ። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካል። በኢትዮጵያ ሳለን እናቶቻችን ወደ መርገም ጎጆ የወጡት፣ ሰንበትን እንደ ዓይን ብሌን የጠበቅነው በዚህ ሕግ ነው። በሰንበት ነገር ስንት ሰው እንደ ተከራከረ፣ ስንት ሰው እንደ ተሰደደ ይታወቃል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሞከረ ከአይሁድ ወገን የሆነ ሌላ ፈላስፋ አለ። ሙሴ ሜንደልሶን ይባላል። በ1729 ጀርመን አገር ዴሳው ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ቶራ የሚገለብጥ ጸሐፊ ነበር። በ14 ዓመቱ በርሊን ገባ፤ ኋላም በሐር ፋብሪካ ሒሳብ እየያዘ ፍልስፍና ጻፈ። በአይሁድ መካከል ሀስካላ የተባለው የእውቀት ንቅናቄ ታላቁ ሰው እርሱ ነው። በ1783 ባሳተመው ኢየሩሳሌም በተባለው መጽሐፉ እንዲህ አስረዳ፤ ፈጣሪ መኖሩን ሰው ሁሉ በአእምሮው ሊደርስበት ይችላል፤ ለዚያ ሲና ተራራ አያስፈልግም። በሲና ለእስራኤል የተሰጠው ግን ሕግ ነው፣ የሥራ ትእዛዝ ነው፤ እስራኤልም ሊጠብቀው ይገባል። ሜንደልሶን በ1786 እስኪሞት ድረስ ሕጉን እየጠበቀ ኖረ። በዚህ መንገድ ብናየው ልቡና ስለ ሰንበት ዝም ማለቱ ሰንበትን አያፈርሳትም። ሰንበትን ያወቅናት ተፈላስፈን አይደለም፤ ተቀብለን ነው። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን መልስ ይቀበል ነበር ወይ? ሳይሆን አይቀርም የሚል ቢኖር፣ የለም የሚልም አይጠፋም።

ስለ መጽሐፉ ክርክር እንነግራችኋለን ብለን ነበር። ሐተታውን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን መነኩሴ ነው። በ1850ዎቹ በጌምድር ሳለ መጽሐፉን አገኘሁ ብሎ አንቷን ዳባዲ ለተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ ላከለት። ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በ1920 ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው ራሱ መነኩሴው ነው አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የመነኩሴው የልጅነት ስም ያዕቆብ መሆኑ ነው። በ1934 ጀርመናዊው ሚትቮኽ ይህን ደገፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ግን መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው በሰፊው ተከራከሩ። የግዕዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ቀድሞ ተጠራጥረው ኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

በዚህ ነገር ላይ እናንተ ዳር ቆማችሁ የምትሰሙ አይደላችሁም። መጽሐፉ የተጻፈው በቄሶቻችን የጸሎት ቋንቋ በግዕዝ ነው። ዳዊትን በቃላቸው የሚደግሙ፣ የአገሩን አነጋገርና የመንገዱን አቀማመጥ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ሐተታው ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ ቢነበብ፣ ይህ የአገራችን ሰው አነጋገር ነው፣ ይህ ደግሞ አይመስልም ለማለት ከማንም ይልቅ እናንተ ትችላላችሁ።

ሌላው ነገር የልጆቹ ጥያቄ ነው። ዛሬ አንድ ልጅ ሰንበትን ለምን እንጠብቃለን? ይህ ሥርዓት ከየት መጣ? ብሎ ቢጠይቅ፣ አንዳንዱ ሽማግሌ ልጁ ባለገ፣ አገሩ አበላሸው ይላል። ዘርዓ ያዕቆብ ግን የጠየቀው እዚያው አገር ቤት ሆኖ፣ ዳዊቱን ይዞ፣ እየጸለየ ነው። ጠያቂ ሁሉ ከሃዲ አይደለም። ዘርዓ ያዕቆብ ተከስሶ ሸሽቶ ዋሻ ገባ፤ በዚያም ጥያቄውን የሚነግረው ሰው አልነበረውም፤ ከዋሻው ከወጣ በኋላም እስከ 68 ዓመቱ ድረስ አልጻፈውም። የእኛ ልጆች ጥያቄያቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከመሄዳቸው በፊት ቤት ውስጥ የሚሰማቸው ትልቅ ሰው ቢያገኙ ይሻላል። መልሱን ሁሉ ማወቅ ግዴታ አይደለም። እስቲ ቁጭ በልና እንመርምረው ማለት ከሽማግሌ ያምራል።