ሰውን ለሁለት ያልከፈለው አገልጋይ፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳና የእርዳታ ጥያቄያችን



በመካከላችሁ ለቤተ ክርስቲያናችሁ የልማት ሥራ ገንዘብ በመፈለግ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። ምናልባትም በቆቦ ከተማ ወይም በራያ ቆላ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ ጉባኤ አገልጋዮች ናችሁ። ዝናብ ሲቀር ማሽላው በቁሙ የሚደርቅበትን፣ ከደጋው ጎርፍ ሲወርድ ደግሞ ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሳው የሚያስገባበትን አገር ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ጦርነት ያደረሰበትንም ጉዳት ታውቃላችሁ። ስለዚህ በውጭ አገር ላለ አንድ የሉተራን በጎ አድራጎት ድርጅት ፕሮፖዛል ለመጻፍ ትቀመጣላችሁ።

ቅጹ ብዙ ነገር ይጠይቃል። ስንት ቤተሰብ ይረዳል? ስንት የውሃ ጉድጓድ ይቆፈራል? ሥራው በስንት ወር ያልቃል? የወንጌላዊው ደመወዝና የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ግን በቅጹ ላይ ቦታ የላቸውም። በዚህ ጊዜ ልባችሁ በሁለት ሐሳብ ይከፈላል። ቤተ ክርስቲያንነታችንን ደብቀን እንጠይቅ? ወይስ ጨርሶ አንጠይቅ?

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከ50 ዓመት በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ ይህንኑ ጉዳይ በጄኔቫ ላለው ለመላው የሉተራን ቤተሰብ አቅርቦት ነበር። እርሱም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበረው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነው። ሕይወቱን አብረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሆስፒታል እስከ ዋና ጸሐፊነት

ጉዲና በ1929 በወለጋ፣ ቦጂ በተባለ ስፍራ ተወለደ። በነጆ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ። ከዚያም በነቀምት በሚሲዮኑ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠራ። ይህን ልብ በሉልኝ! ገና በወጣትነቱ የታመመ ሰው ቁስሉ ሲታሰርለትና በዚያው ቤት ወንጌል ሲነገረው አይቷል። ሐኪሙና ሰባኪው የሁለት ጌቶች አገልጋዮች አልነበሩም። በኋላ ዘመን ለዓለም የተናገረው ነገር ሥሩ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

በ1958 በነቀምት ለቅስና ተሾመ። በጥር ወር 1959 መካነ ኢየሱስ ራሷን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትመሠረት ምእመናኗ ወደ 20 ሺህ ይጠጉ ነበር። ጉዲና ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት አጠና። እንደተመለሰም በ1966 የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ።

ዋና ጸሐፊ ማለት በዚያን ጊዜ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር፣ ከውጭ አጋሮች ጋር የሚጻጻፍና ስለ ገንዘብ የሚነጋገር ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ጉዲና የለጋሾችን ቢሮ አሠራር ከውስጥ ያውቅ ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣ ነበር?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ በሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ትልልቅ የእርዳታ ድርጅቶች ተቋቁመው ነበር። የአሜሪካው የሉተራን ዓለም እርዳታ በ1945፣ የስዊድኑ ሉተርየልፐን በ1947 ተመሠረቱ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንም በዚያው በ1947 በስዊድን በሉንድ ከተማ ተመሠረተ። በጀርመን ደግሞ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በ1959 ዳቦ ለዓለም የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1962 የተቋቋመው ሌላው የጀርመን አብያተ ክርስቲያናት የልማት ማዕከል ከመንግሥት የሚገኝ ገንዘብም ያስተላልፍ ነበር።

ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከግብር ከፋይ የመጣ ገንዘብ ለስብከት አይውልም። ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክ፣ ለእርሻ ግን ይፈቀዳል። ለልማት የሚመደበው ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት ሲያድግ ለወንጌል ሥራ የሚመጣው በዚያ ልክ አላደገም። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ሕዝብ በብዛት ወደ ጌታ ይመጣ ነበር። መጋቢ የለም፤ ወንጌላዊ የለም፤ የሚያስተምር ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤት ለመሥራት ገንዘብ ታገኛለች፤ አዲስ አማኞችን የሚያስተምር ሰው ለማሠልጠን ግን ትቸገራለች።

ደብዳቤው

በጥር 1971 የመካነ ኢየሱስ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ውሳኔ አሳለፈ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ለጋሽ ድርጅቶችን አነጋግሮ የእርዳታ መመዘኛቸውን እንደገና እንዲያዩ፣ ለጉባኤዎች ሥራ፣ ለመሪዎች ሥልጠናና ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃም ድጋፍ እንዲሰጡ እንዲጠይቅለት ወሰነ። በቀጣዩ ዓመት፣ በግንቦት 1972፣ ወንጌልን ማወጅና የሰው ልጅ ልማት ስላላቸው ትስስር የሚናገረው ታዋቂ ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ወደ ጄኔቫ ተላከ። በሥራው ውስጥ የዋና ጸሐፊው የጉዲና እጅ ትልቅ ነበር።

ደብዳቤው የልመና ደብዳቤ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጉዲናና ባልንጀሮቹ ለተሰጣቸው እርዳታ ያመሰግናሉ፤ ልማትንም አይንቁም። የሚቃወሙት የሰውን መከፈል ነው። ሰው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ነፍስ ብቻም አይደለም። ልማት በምግብና በገቢ ብቻ ሲለካ የሰው ውስጣዊ ነጻነት ይረሳል ይላሉ። ደግሞም የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን የሚያስፈልጋትን የሚወስነው የገንዘቡ ባለቤት መመዘኛ መሆን የለበትም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ችግሯን አይታ ትናገር ብለው ያሳስባሉ።

እስቲ አስቡት! ከድሃ አገር የመጣ አመልካች ለሀብታሞቹ ስለ ገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን ሰው ምን እንደሆነ ያስተምራቸው ጀመር። እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አንገቱን ግን አልደፋም።

ረሃቡ ራያ ላይ ሲደርስ

ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቃሉ በወሎ ምድር ተፈተነ። በ1972 ዝናቡ ቀረ። ብዙዎች የ66ቱ ረሃብ ብለው የሚያስታውሱት መከራ ራያን፣ የጁንና የአፋርን ቆላ መታ። ሕዝቡ ከብቱ አልቆ፣ ቤቱን ትቶ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። ከወልድያ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቆቦም ከመንገዱ ዳር ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። በጥቅምት 1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ።

በዚያው በ1973 በአገሪቱ የነበሩ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች ተባብረው በኋላ የክርስቲያን የእርዳታና ልማት ማኅበር የተባለውን ኅብረት መሠረቱ። መካነ ኢየሱስም በእርዳታው ሥራ ተሰለፈች። ለወንጌል ገንዘብ ይሰጠን ብላ የጻፈችው ቤተ ክርስቲያን፣ ሕዝብ ሲራብ እህል ማድረስ የእኔ ሥራ አይደለም አላለችም። ጉዲና ያስተማረው ይህንኑ ነው። ለተራበ ሰው ስብከት ብቻ መስጠት ሰውን መክፈል ነው፤ እህል ሰጥቶ የእግዚአብሔርን ፍቅር መንፈግም እንዲሁ ሰውን መክፈል ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የገሠጸውን ባዶ ሰላምታ አስታውሱ።

ከጉዲና ሞት በኋላም፣ በ1984 እና በ1985 ረሃቡ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ ሲመለስ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኅብረት እህል አቅርበዋል።

መልሱና ዋጋው

ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ አልቀረም። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ለአባል አብያተ ክርስቲያናትና ለለጋሾች አሰራጨው፤ በጥቅምት 1974 በናይሮቢ ስለዚሁ ጉዳይ የምክክር ጉባኤ ተደረገ። የመንግሥት ገንዘብ ሕግ በአንድ ቀን አልተለወጠም። ነገር ግን ወንጌልና ልማት የአንድ አገልግሎት ሁለት እጆች ናቸው የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲህ በሉተራን ጉባኤዎች ሁሉ የሚነሣ ሆነ። ጉዲና በውጭ እርዳታ ላይ ተደግፎ ስለ መኖርም ዝም አላለም። አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ የሚመጣው ሰውና ገንዘብ ለጊዜው ይቁም በሚል ሲከራከሩ፣ ስለ መካነ ኢየሱስና ስለዚሁ ክርክር ጽፏል።

በዚህ መካከል አብዮት ፈነዳ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ንብረት የነበረውና ወንጌልንም፣ ትምህርትንም፣ ዜናንም አጣምሮ ያስተላልፍ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በመጋቢት 1977 በደርግ ተወረሰ። ጉዲና ታሰረ፤ ተፈታ፤ እንደገና ታሰረ። ወዳጆቹ ከአገር እንዲወጣ መንገድ አዘጋጁለት፤ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬም ሊቀበሉት ፈቃደኞች ነበሩ። እርሱ ግን መንጋውን ጥሎ መሄድ አልፈለገም።

ሐምሌ 28 ቀን 1979 (ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም.) በአዲስ አበባ በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎ ሲወጣ ከባለቤቱ ከወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፍኖ ተወሰደ። ባለቤቱን ለቀቋት፤ እርሱ ግን በዚያው ተገደለ። ቆይተው እርሷንም አሰሯትና ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በእስር አሳለፈች። አስከሬኑ ተቆፍሮ የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1992፣ በአዲስ አበባ በቀድሞው የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በክብር ተቀበረ። ወደ 20 ሺህ ገደማ ምእመናን ይዛ የተነሣችው ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባላት አሏት።

ለእኛ ምን ይለናል?

የተወደዳችሁ፣ አሁን ወደ ፕሮፖዛላችሁ እንመለስ። ከዚህ አገልጋይ ሕይወት ቢያንስ አራት ነገሮችን እንማራለን።

አንደኛ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። በአጋቦስ ትንቢት ረሃብ እንደሚመጣ የሰማችው የአንጾኪያ ጉባኤ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች እርዳታ ልካለች (ሐዋ. 11)። አንዱ የአካል ክፍል ሲጎድለው ሌላው ይሞላል።

ሁለተኛ፣ ማንነታችሁን አትደብቁ። ቅጹ ስለ ጉድጓድ ከጠየቀ ስለ ጉድጓድ በእውነት መልሱ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን መሆናችሁን፣ ይህን የምታደርጉትም ስለ ክርስቶስ ፍቅር መሆኑን በግልጽ ጻፉ። የለጋሹ ገንዘብ ለወንጌላዊው የማይውል ከሆነ በሥውር አታዛውሩት! ያ መስረቅ ነው። ጉዲና ሕጉ ስህተት ሆኖ ሲያገኘው በደብዳቤ ተከራከረ እንጂ በሂሳብ መዝገብ አላጭበረበረም። ጳውሎስም የመዋጮውን ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈው ከታመኑ ወንድሞች ጋር አድርሷል (2 ቆሮ. 8)።

ሦስተኛ፣ እህልን ማጥመጃ አታድርጉ። በቆቦ ጎረቤታችሁ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሙስሊም ነው። ወንጌላውያን በስንዴ ሰው ይገዛሉ የሚለውን ወቀሳ ሰምታችሁ ይሆናል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ጭምር የተቀበለው የ1994 የሰብዓዊ እርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ ሃይማኖት ሳይለይ እንደ ችግሩ መጠን እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ጉዲና ካስተማረው ጋር አይጋጭም። ሰውን ሙሉ አድርጎ የሚያይ ሰው ረሃቡን ተጠቅሞ ነፍሱን አያስገድድም። እህሉም በነጻ ይሰጥ፤ ወንጌሉም በነጻ ይነገር።

አራተኛ፣ ለጋሽ የማይከፍለውን እናንተ ክፈሉ። የወንጌላዊው ደመወዝ በቅጹ ላይ ቦታ ካጣ በአሥራታችሁ ውስጥ ቦታ ይኑረው። የመቄዶንያ ጉባኤዎች በድህነታቸው መካከል እንደሰጡ አስታውሱ። ከማሽላው ላይ አንድ ቁና የምትሰጥ እናት በጉባኤያችሁ ካለች፣ ያ ስጦታ ከየትኛውም ድርጅት ቢሮ የማይመጣ ነጻነት ይዟል። ለጋሹ እምቢ ቢል እንኳ ቤተ ክርስቲያናችሁ አትዘጋም።

ወገኖቼ ሆይ፣ ያ የ1972ቱ ደብዳቤ ክብደት ያገኘው በጥሩ ቋንቋ ስለ ተጻፈ ብቻ አይደለም። ጉዲና ሰው ሥጋም ነፍስም ነው ብሎ ለለጋሾች ተናገረ፤ የራሱንም ሥጋና ነፍስ አብሮ ለጌታው አስረከበ። ፕሮፖዛላችሁን ስትፈርሙ ከፊርማው በስተኋላ እንዲህ ያለ ሕይወት ይኑር። ያን ጊዜ ገንዘቡ ቢመጣም ባይመጣም ጎረቤታችሁ ክርስቶስን በእናንተ ያያል።

የጌታ ጸጋ ከእናንተ ጋር ይሁን። አሜን!