የኮምፒዩተር መሣሪያዎችን ተራ ያስያዙት ሳይንቲስት፦ ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ

ሱሉልታ፦ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በምትገኘው ሱሉልታ በማለዳ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ሕዝብ ሲበዛ፣ የታክሲውን ሥራ ከትርምስ የሚጠብቀው ተራ አስከባሪው ነው። አንዱ ሚኒባስ ሲጭን ሌላው ይጠብቃል፤ የጫነው ሲወጣ ቀጣዩ ይተካል። ተራ አስከባሪ በሌለበት ሁለት አሽከርካሪዎች ቦታው ባዶ መሆኑን እኩል አይተው እኩል ሊገቡበት ይችላሉ። ጥፋቱ የማናቸውም አይደለም፤ ሁለቱም ያዩት እውነት ነበር።

ይኸው ችግር በየመሥሪያ ቤቱ ባሉ ኮምፒዩተሮች ውስጥም በየዕለቱ ያጋጥማል። አንድን ማተሚያ ማሽን ብዙ ፕሮግራሞች ይጋሩታል። መሣሪያውን የሚያዝዘው ድራይቨር የተባለው የሶፍትዌር ክፍል ተራ ካላስጠበቀ፣ የአንዱ ባለጉዳይ ደብዳቤ ከሌላው ደመወዝ መክፈያ ጋር ተቀላቅሎ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ በማበጀት ስማቸው የሚጠራው ኔዘርላንዳዊው የኮምፒዩተር ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ኤድስገር ዳይክስትራ ናቸው።

ኤድስገር ዳይክስትራ ግንቦት 3 ቀን 1922 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1930) በወደብ ከተማዋ ሮተርዳም ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ መምህር፣ እናታቸው የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሕግ አጥንተው አገራቸውን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመወከል ሐሳብ የነበራቸው ቢሆንም፣ በመጨረሻ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሒሳብና ፊዚክስ አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1951 በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በተሰጠ የፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ላይ መካፈላቸው ግን የሕይወታቸውን አቅጣጫ ለወጠው። በቀጣዩ ዓመት በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራም ጸሐፊነት ተቀጠሩ።

በዚያን ዘመን ሙያው በአገሩ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1957 ወይዘሮ ሪያ ዴቤትስን ሲያገቡ በጋብቻ ሰነዱ ላይ ሙያቸውን ፕሮግራም ጸሐፊ ብለው ለማስመዝገብ ጠየቁ። የአምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት እንዲህ ያለ ሙያ የለም በማለት ሳይቀበላቸው በመቅረቱ፣ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ባለሙያ ተብለው ተመዘገቡ።

ዳይክስትራን ከመሣሪያዎች ቁጥጥር ጋር ያገናኛቸው ኤክስ ዋን የተባለው የኔዘርላንድ ኮምፒዩተር ነው። ከዚያ ቀደም በነበሩት ማሽኖች ኮምፒዩተሩ የወረቀት ጥብጣብ አንባቢው ወይም መጻፊያው ሥራውን እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የኤክስ ዋን ንድፍ አውጪዎች ይህን የባከነ ጊዜ ለማትረፍ፣ መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ ኮምፒዩተሩን አቋርጦ የሚያስታውቅበትን ዘዴ አሰቡ። ዳይክስትራ ግን ሐሳቡ አስጨነቃቸው። የማቋረጫው ምልክት በየትኛው ቅጽበት እንደሚመጣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ስለዚህም አንድ ጊዜ የታየ ስሕተት ተመልሶ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል። ከብዙ ማመንታት በኋላ ኃላፊነቱን ተቀብለው፣ ምልክቱ በማንኛውም ቅጽበት ቢመጣ ሥራው የማይበላሽበትን ፕሮግራም ጻፉ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1959 የዶክትሬት ዲግሪ አስገኘላቸው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠሩ ድራይቨሮች በአብዛኛው የሚመሩት በዚሁ የማቋረጫ ምልክት አሠራር ነው።

ችግሩ በቀላሉ ሲታይ እንዲህ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ማተሚያውን ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ማተሚያው ነጻ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ተይዟል ብሎ ምልክት ከማድረጉ በፊት ግን ተራው ለሁለተኛው ይሰጣል። ሁለተኛውም ሲመለከት ነጻ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም ባለመብት ሆነው ይገባሉ። መፍትሔው ማየትንና መያዝን በመካከሉ ማንም ሊገባበት የማይችል አንድ ድርጊት ማድረግ ነው።

ለሁለት ተጋሪዎች ብቻ የሚሆን መፍትሔ ዴከር የተባሉት ኔዘርላንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ቀደም ብለው አግኝተው ነበር። ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት እጅግ አጭር ጽሑፍ የተጋሪዎቹ ቁጥር ምንም ያህል ቢሆን የሚሠራ መፍትሔ አቀረቡ። በዚያው ዓመት በጻፉት ሌላ ሥራም ሴማፎር የተሰኘውን ዘዴ በስፋት አብራሩ። ሴማፎር የባቡር መስመር ምልክት ስም ነው። ከሰበታ ተነስቶ ጅቡቲ በሚደርሰው የባቡር መስመር ሐዲዱ ነጠላ በሚሆንበት ክፍል፣ ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጡ ሁለት ባቡሮች በአንድ ጊዜ ሊገቡ እንደማይችሉ ሁሉ፣ በኮምፒዩተርም ወደ መሣሪያው የሚገባው ፕሮግራም ምልክቱን ዝቅ አድርጎ ይገባል፤ ሲወጣም ከፍ አድርጎ ለቀጣዩ ይለቃል። የሚጠብቀው ፕሮግራም ደጋግሞ በመጠየቅ የኮምፒዩተሩን ጊዜ አያባክንም፤ ተራው ሲደርስ ይቀሰቀሳል።

እ.ኤ.አ. በ1962 በአይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ዳይክስትራ፣ ይህን ሐሳብ ከአነስተኛ ቡድናቸው ጋር በመሆን በተግባር ፈተኑት። የሠሩት ኦፕሬቲንግ ሲስተም በደረጃ የተከፋፈለ ሲሆን፣ የወረቀት ጥብጣብ አንባቢዎችን፣ መብሻዎችንና ማተሚያውን የሚቆጣጠረው ክፍል ራሱን የቻለ ደረጃ ነበረው። ከበላዩ ያሉት ፕሮግራሞች መሣሪያውን በቀጥታ መንካት ሳያስፈልጋቸው ጥያቄያቸውን ለዚህ ክፍል ያቀርቡ ነበር። ስለዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው ጽሑፋቸው ለኦፕሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ከመሠረቶቹ አንዱ ሆኗል።

ተራ ማስያዝ ብቻውን ግን በቂ እንዳልሆነ ዳይክስትራ ቀድመው ተረድተዋል። ለተማሪዎቻቸው ባቀረቡት የፈተና ጥያቄ አምስት ኮምፒዩተሮች የቴፕ መሣሪያዎችን ይሻማሉ። ሁሉም አንዳንድ መሣሪያ ይዘው የጎረቤታቸውን ቢጠብቁ፣ ማንም ሳይለቅ ማንም ሳይሠራ ለዘለዓለም ይቆማሉ። ጥያቄው ኋላ ላይ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ አምስት ፈላስፎች በሚል አቀራረብ በመላው ዓለም ታውቋል። አንዱ መሥሪያ ቤት ማኅተሙን፣ ሌላው ፊርማውን ይዞ እርስ በርስ ሲጠባበቁ የባለጉዳይ ፋይል የሚቆምበት ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። መውጫው ሁሉም የሚፈልጉትን አስቀድሞ በተወሰነ አንድ ቅደም ተከተል ብቻ እንዲይዙ ማድረግ ነው።

የጉዳዩን ክብደት ከኋላ የመጡ ክስተቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ 25 የተባለ የካንሰር ማከሚያ የጨረር መሣሪያ በስድስት ሕሙማን ላይ ከመጠን ያለፈ ጨረር በመልቀቁ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ የመሣሪያው ሶፍትዌር ጎን ለጎን የሚሠሩ ተግባራትን በአግባቡ አለማቀናጀቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ማርስ ላይ ያረፈችው ፓዝፋይንደር መንኮራኩር ኮምፒዩተር በተደጋጋሚ ራሱን እያጠፋ ይነሳ ጀመር። ዝቅተኛ ቅድሚያ የተሰጠው ተግባር የጋራውን መቆለፊያ እንደያዘ በመካከለኛ ተግባራት ተገፍቶ፣ አጣዳፊው ሥራ ደጅ ሲጠና ቆይቷል። ባለሙያዎች ከምድር ሆነው ባስተላለፉት ማስተካከያ፣ መቆለፊያውን የያዘው ተግባር ለጊዜው የሚጠብቀውን ከፍተኛ ደረጃ እንዲወስድ በማድረግ ችግሩ ተፈታ።

ዳይክስትራ በሁለት ከተሞች መካከል አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ስሌት እ.ኤ.አ. በ1956 በአምስተርዳም አንድ ቡና ቤት ተቀምጠው በ20 ደቂቃ ያህል ማሰባቸውም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1972 የኮምፒዩተር ሳይንስ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበሉ። ከ1984 ጀምሮም በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ1999 ጡረታ ወጡ። ለኮምፒዩተር ዓለም ይህን ያህል የሠሩት ምሁር ከ1 ሺህ 300 በላይ የሚሆኑ ማስታወሻዎቻቸውን በአብዛኛው በቀለም ብዕር በእጃቸው ጽፈው ለባልደረቦቻቸው አባዝተው ይልኩ ነበር። ፕሮግራም ከተጻፈ በኋላ ስሕተቱን ከማሳደድ ይልቅ፣ ሲጻፍ ጀምሮ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ይገባል የሚለው አቋማቸው ከብዙዎች ጋር አከራክሯቸዋል።

ፕሮፌሰር ዳይክስትራ በካንሰር ሕመም ምክንያት ሐምሌ 30 ቀን 1994 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2002) በአገራቸው ኑነን በተባለች ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዘርፉ ለሚበረከቱ የላቁ ጽሑፎች የሚሰጥ ዓመታዊ ሽልማትም ከ2003 ጀምሮ በስማቸው ይጠራል።

የመንግሥት አገልግሎት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተሸጋገረ ባለበት በአሁኑ ወቅት የሥራቸው ትምህርት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚተው አይደለም። ሁለት ሠራተኞች በሁለት መስኮት ተቀምጠው አንድን የይዞታ ቁጥር በአንድ ቅጽበት ነጻ ሆኖ ቢያገኙትና ለሁለት ሰዎች ቢሰጡት፣ ሁለቱም መመሪያውን አክብረው ሠርተዋል፤ ዜጎች ግን ፍርድ ቤት ይቆማሉ። አንድ ሥርዓት ሲገዛም ሆነ ሲሠራ፣ ሁለት ሰዎች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ ቢጠይቁ ምን ይሆናል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ከኃላፊዎች ይጠበቃል።