ላፍካዲዮ ኸርን፤ በጃፓን አገር የኖረው አስተማሪ

ከውጭ አገር መጥቶ የሚያስተምር ሰው በክፍል ቆሞ ሲናገር እንሰማዋለን እንጂ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ እንዴት እንደሚኖር፣ ምን እንደሚበላ፣ ማንን እንደሚናፍቅ፣ በዕረፍቱም ወራት ወዴት እንደሚሄድ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ አንድ እንዲህ ያለ አስተማሪ ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚህ ነው። የመረጥነው ሰው ላፍካዲዮ ኸርን ይባላል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በጃፓን ግን ስሙ አልተረሳም። ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍናቸው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ኸርን የተወለደው ጁን 27 ቀን 1850 ሌፍካዳ በምትባል የግሪክ ደሴት ነው፤ ላፍካዲዮ የሚለውንም ስም ያገኘው ከዚችው ደሴት ነው። አባቱ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ሐኪም የነበረ የአየርላንድ ሰው ሲሆን እናቱ ሮዛ ግሪካዊት ነበረች። ልጁ ሁለት ዓመት ሲሆነው ወደ ደብሊን ከተማ ወሰዱት። እናቱ ግን ያን አገር ልትለምደው አልቻለችም፤ በ1854 ወደ ግሪክ ተመለሰች፤ ልጅዋንም ከዚያ በኋላ አላየችውም። አባቱም ሌላ ሚስት አግብቶ ወደ ህንድ ሄደ። እናትና አባት በሕይወት ሳሉ እንደ ሙት ልጅ የሆነውን ሕፃን ያሳደገችው ባለጸጋ የነበረች የአባቱ አክስት ናት።

አክስቲቱም በሰሜን እንግሊዝ ወደሚገኝ ወደ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ላከችው። በዚያ ሳለ፣ 16 ዓመት ሲሆነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት የገመድ ቋጠሮ መትቶት ግራ ዓይኑ ጠፋ። የቀረውም ቀኝ ዓይኑ ከሥራ ብዛት የተነሣ አበጠ፤ ቅርብ ካልሆነ በቀር አያይም ነበር። ፎቶግራፍ ሲነሣ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞረው ወይም ዓይኑን ወደ መሬት የሚያደርገው የጠፋው ዓይኑ እንዳይታይበት ነው። ጥቂት ቆይቶ አክስቲቱ ገንዘብዋን ሁሉ አጥታ ደኸየች፤ ልጁም ትምህርቱን አቋረጠ።

በ1869 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ሲንሲናቲ በምትባል ከተማ ብዙ ተቸገረ። አንድ አታሚ አዝኖለት በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በወረቀት ቍርጥራጭ ላይ እንዲተኛ ፈቀደለት፤ የፊደል መልቀምንም ሥራ አስተማረው። ከዚያም ጋዜጠኛ ሆነ። በ1874 በባርነት የተወለደች አንዲት ጥቍር ሴት አገባ፤ በዚያ ዘመን በዚያ ክፍለ አገር ነጭና ጥቍር እንዳይጋቡ ሕግ ይከለክል ነበርና ነገሩ በተሰማ ጊዜ ከሥራው ተባረረ። ትዳሩም አልጸናም። ከዚያ ወደ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ 10 ዓመት ያህል ኖረ፤ ቀጥሎም በማርቲኒክ ደሴት ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪኩ ለብቻው አንድ ጽሑፍ የሚሞላ ነው፤ እኛ ግን የምንቸኩለው ወደ አስተማሪው ነው።

ማርች 18 ቀን 1890 ኸርን ከካናዳ፣ ከቫንኩቨር ወደብ፣ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ጃፓን ጕዞ ጀመረ። የመርከቢቱ ስም ምን እንደሆነ ስናገኝ ደስ አለን፤ አቢሲኒያ ትባል ነበር። የአገራችንን ስም በያዘች መርከብ ታላቁን ውቅያኖስ ተሻግሮ አፕሪል 4 ቀን ዮኮሃማ ደረሰ። (የኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን የጐበኙት ከዚህ 41 ዓመት በኋላ በ1931 ነው፤ ስለዚያ ጕዟቸውም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል።) ኸርን የመጣው ለአንድ የኒው ዮርክ መጽሔት ሊጽፍ ነበር፤ ነገር ግን አብሮት የተላከው ሠዓሊ ከእርሱ የበለጠ ገንዘብ እንደሚከፈለው ባወቀ ጊዜ ተቈጥቶ ውሉን አፈረሰ። በሰው አገር፣ ያለ ገንዘብና ያለ ቋንቋ፣ በ40 ዓመቱ ቀረ። አስተማሪ የሆነውም እንዲህ ባለ ምክንያት ነው።

በወዳጆች ርዳታ ማትሱዬ በምትባል ሩቅ ከተማ የመካከለኛ ትምህርት ቤትና የመምህራን ማሠልጠኛ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ ደመወዙ በወር 100 የን ነበር። ወደዚያ ለመድረስ በሰው በሚጎተት ጋሪ ተቀምጦ ተራራውን ለቀናት ተሻገረ፤ በኦገስት 1890 መጨረሻም ደረሰ።

የማትሱዬ ጧት እንዲህ ነበር። ገና ሳይነጋ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሩዝ የሚወቅጥ የከባድ ዘነዘና ድምፅ ነው፤ በዘነዘናና በሙቀጫ ድምፅ የነቃ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ቀጥሎ የቤተ ጸሎቱ ደወል ይሰማል። ፀሐይ ስትወጣ ሰዎች በወንዙ ዳር ቆመው ፊታቸውን ታጥበው ወደ ፀሐይ እያጨበጨቡ ይሰግዳሉ። ከዚያም በእንጨት ድልድዩ ላይ የሚሄደው ሕዝብ የእንጨት ጫማ ኳኳታ ይጀምራል። (ይህ ጫማ በጃፓንኛ ጌታ ይባላል፤ ከእኛ ቃል ጋር የሚመሳሰለው በድምፅ ብቻ ነው።) ኸርን በአንድ ዓይኑ ብዙ አያይም ነበርና ነው መሰለን፣ ከተማይቱን የገለጸው ከሁሉ ይልቅ በጆሮው ነው።

በክፍል ውስጥ ቋንቋቸውን አያውቅም፤ እነርሱም የእርሱን ጥቂት ብቻ ያውቃሉ። የረዳው ኒሺዳ ሴንታሮ የተባለው የትምህርት ቤቱ መምህር ነው፤ እርሱም እስከ መጨረሻው ወዳጁ ሆነ። ኸርን ተማሪዎቹን ድርሰት ያጽፋቸው ነበር፤ ሰዋስዋቸውን ብቻ ሳይሆን አሳባቸውንም ይመረምር ነበር። ከትምህርት በኋላም ወደ ቤቱ እየመጡ በወለሉ ላይ ተቀምጠው ይጠይቁታል። አንዱ ተማሪ፣ አንድ ሰው ከአባቱና ከሚስቱ ጋር ባሕር ውስጥ ቢወድቅ አውሮፓዊው ሚስቱን አስቀድሞ ያድናል ሲባል ሰምቶ፣ እውነት ነውን ብሎ ጠየቀው። ለዚያ ልጅ አባትን ማስቀደም ጥያቄ የሌለበት ነገር ነበረና ነገሩ እጅግ አስደነቀው። እኛም ይህን ስናነብ በክፍላችን ብዙ ተከራከርንበት።

ሌላው ተማሪ ደግሞ፣ ከኸርን በፊት የነበረው አስተማሪ ለንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል መስገድ አረመኔነት ነው እንዳላቸው ነገረው። ኸርን ግን አገርንና ንጉሥን ማክበር መልካም ነው ብሎ ልጁን አጽናናው። ስለ ሚሲዮናውያንም የጻፈው ነገር ብዙ ጊዜ መራራ ነው። እኛ ፊደል ከቈጠርንበት ቀን ጀምሮ በሚሲዮን እጅ ያደግን ስለ ሆንን በዚህ ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ የሠሩትን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዳላየ ሆኖ ማለፉ ትክክል አይደለም እንላለን። ሆኖም የሕዝቡን ልማድ ሳይመረምሩ የሚንቁትን መውቀሱ ግን እውነት አለበት።

ከተማሪዎቹ መካከል ዮኮጊ የሚባል የአናጢ ልጅ ነበረ። አባቱ የሚከፍለው ስላልነበረው አንድ ባለጸጋ የልጁን ብልህነት አይቶ ያስተምረው ነበር። ይህ ልጅ በጠና ታመመ። ሊሞት ሲል ትምህርት ቤቱን አንድ ጊዜ ብቻ ልየው ብሎ ለመነ፤ በሌሊት አገልጋዩ በጀርባው አዝሎ ወስዶ አሳየው። ከጥቂት ቀንም በኋላ ሞተ። ኸርን ይህን በ1894 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። ስለዚህ ምንም ልንጨምር አንችልም።

የማትሱዬ ክረምት ብርዱ ጽኑ ነው፤ ኸርን ታሞ ተኛ። በዚያው ክረምት፣ በ1891 መጀመሪያ፣ ኮይዙሚ ሴትሱ የምትባል ሴት ወደ ቤቱ ገባች፤ ሚስቱም ሆነች። ቤተ ሰብዋ ሳሙራይ ከሚባሉት የጦር ሹማምንት ወገን ሲሆን ከ1868 ለውጥ በኋላ ደኽይቶ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ቦይ ትይዩ ባለው አሮጌ የሳሙራይ ቤት ተቀመጡ፤ ቤቱና አትክልቱ ዛሬም ተጠብቆ ለጐብኚ ይታያል።

ኸርን ማትሱዬን ቢወድም በኖቬምበር 1891 ወደ ደቡብ፣ ወደ ኩማሞቶ ተዛወረ። ደመወዙ እጥፍ፣ 200 የን ሆነ። ገንዘቡ ያስፈልገው ነበር፤ የሚስቱ ወላጆችና ዘመዶች ሁሉ የሚተዳደሩት በእርሱ ነበርና። በዚያ ትምህርት ቤት ዲሬክተር የነበረው ጁዶ የተባለውን ስፖርት የመሠረተው ካኖ ጂጎሮ ነው። ኸርን ግን ኩማሞቶ የወታደር ከተማ ሆነችበት፤ መምህራኑም ብዙ አያነጋግሩትም ነበር። በኖቬምበር 1893 የመጀመሪያ ልጁ ካዙዎ ተወለደ። ልጁ ከተወለደ በኋላ አሳቡ ሁሉ አንድ ነገር ሆነ፦ እኔ ብሞት እነዚህ ሰዎች ምን ይሆናሉ?

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ሕግ ሴትሱን በእንግሊዝ ሕግ ቢያገባት የእንግሊዝ ዜጋ ትሆንና በአገርዋ ያላትን መብት ታጣለች፤ ሳያገባት እንግዳ እንደሆነ ቢሞት ደግሞ ንብረቱ ለእርስዋና ለልጁ መተላለፉ የሚያሠጋ ነው። ጃፓናዊ ቢሆን ቤተ ሰቡ ይድናል፤ ነገር ግን መንግሥት ለውጭ አገር አስተማሪ የሚከፍለውን ትልቅ ደመወዝ ሊነፍገውና እንደ አገሩ ሰው ጥቂት ሊከፍለው ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቀ በ1896 ጃፓናዊ ሆነ። በሚስቱ ቤተ ሰብ ስም ኮይዙሚ ተባለ፤ ያኩሞ የሚለውንም ስም ጨመረ፤ ትርጕሙ ስምንት ደመና ማለት ነው፤ ከማትሱዬ አገር ጥንታዊ ግጥም የተወሰደ ነው።

በዚያው ዓመት በቶኪዮ ንጉሣዊ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነ። ወረቀት ሳይመለከት ቀስ ብሎ ስለሚናገር ተማሪዎቹ እያንዳንዱን ቃል ይጽፉት ነበር። በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል አይገባም፤ በግቢው ኵሬ ዳር ፒፓውን እያጨሰ ብቻውን ይመላለሳል። ከመቶ በላይ ረጃጅም የጃፓን ፒፓዎች ነበሩት። በቤቱ የሚጽፈው ዓይኑ ወረቀቱን እንዲነካ ሊል ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተጠግቶ ነው፤ ስለዚህም ከልክ ያለፈ ከፍ ያለ ጠረጴዛ አሠርቶ ነበር። ፒፓውን የሚለኵስበት ፍም ሲጠፋበት ከባሕር ዳር የገዛውን ትልቅ የዛጎል ቀንድ ይነፋል፤ የቤቱ ሰዎችም እየሳቁ እሳት ያመጡለታል።

እርሱና ሴትሱ የሚነጋገሩት ሌላ ሰው በማያውቀው በተሰባበረ ጃፓንኛ ነበር። ማታ መብራቱን ዝቅ አድርጋ የጥንት ተረትና የመናፍስት ታሪክ ትነግረዋለች፤ እርሱም መጽሐፍ እንዳታነብለት፣ በራስዋ ቃል ብቻ እንድትናገር ያዛታል። ክዋይዳን የተባለው በ1904 የታተመው ዝነኛ መጽሐፉ ብዙው ከዚህ የተገኘ ነው። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ግማሽ ምስጋና የሴትሱ መሆን ይገባዋል።

በበጋ ዕረፍት ከ1897 ጀምሮ ያይዙ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ይሄድ ነበር። ዋና እጅግ ያውቃል። የሚያድረው ኦቶኪቺ በተባለ ዓሣ ሻጭ ቤት ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ቤት ዳሩማ የሚባል ምስል ነበረ፤ አንድ ዓይን ብቻ የተሣለለት ነው፤ ሁለተኛው ዓይን የሚሣልለት ለቤቱ መልካም ዕድል ሲያመጣ ነው። ኸርን ሒሳቡን በልግስና ከፍሎ ሲነሣ ዳሩማውን ተመለከተ፤ ሁለት ዓይን ሆኖ ነበር። አንድ ዓይና የሆነው አስተማሪ ይህን በመጽሐፉ ሲተርክ ስለ ራሱ ዓይን አንዳች አይናገርም። በ1897 ፉጂ ተራራንም ወጥቷል።

በ1903 መጀመሪያ የፈራው ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው ውሉ በማርች መጨረሻ እንደሚያበቃ በደብዳቤ አስታወቀው። ተማሪዎቹ ተሰብስበው አቤት አሉ፤ ዩኒቨርሲቲውም በአነስተኛ ደመወዝ ጥቂት ሰዓት እንዲያስተምር ጠየቀው፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። በቦታው ከተተኩት አንዱ ከእንግሊዝ አገር ገና የተመለሰው ናትሱሜ ሶሴኪ ነው፤ እርሱም ኋላ የጃፓን ታላቅ ደራሲ ሆነ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሊጋብዘው አስቦ ነበር፤ ያም ሳይሆን ቀረ፤ ለዚያ ያዘጋጀውን ትምህርት መጽሐፍ አደረገው። በ1904 ዋሴዳ የተባለው ትምህርት ቤት ተቀበለው፤ ነገር ግን ብዙ አልቆየም። በየጧቱ ለካዙዎ እንግሊዝኛ ማስተማሩን ሳያቋርጥ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1904 በልብ ሕመም በ54 ዓመቱ በቶኪዮ ሞተ። ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ፣ በቡድሃ ሥርዓት ተቀበረ።

ኸርን ያስተማረውን ጽፎ አላስቀመጠም ነበር። ነገር ግን ተማሪዎቹ ቃል በቃል የጻፉባቸው ደብተሮች ተሰበሰቡ፤ በ1915 በኒው ዮርክ በሁለት ትላልቅ መጻሕፍት ታተሙ።