ዣክ ሞኖ፦ የሕዋስን ቁጠባ የገለጡ ሊቅ

ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስ ከተማ ከሠዓሊ አባትና ከአሜሪካዊት እናት ተወለዱ። በልጅነታቸው ፖሊዮ አንድ እግራቸውን ቢጎዳውም ገደል ከመውጣት አላገዳቸውም። ሴሎ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ስለሚጫወቱ ሙዚቀኛ ልሁን ወይስ ተመራማሪ በማለት ብዙ አመንትተዋል።

በ1941 ዶክትሬታቸውን ያገኙት በባክቴሪያ ዕድገት ጥናት ነው። ሁለት ዓይነት ስኳር የቀረበላቸው ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ግሉኮሱን ይጨርሳሉ፤ ጥቂት ቆም ይላሉ፤ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ። ያቺ የመቆም ጊዜ ከየት መጣች? ጥያቄው ሃያ ዓመት ያህል አልለቀቃቸውም።

በዚያው ወቅት ፓሪስ በናዚ ጀርመን እጅ ነበረች። ሞኖ በድብቁ የአርበኞች ትግል ገብተው እስከ አመራር ደርሰዋል። በሐሰተኛ ስም እየተንቀሳቀሱ፣ ምስጢራዊ ወረቀቶችን ከቤተ ሙከራቸው አጠገብ በቆመ የቀጭኔ አፅም እግር ውስጥ ይደብቁ እንደነበር ይነገራል። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ሞት ነበር። ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አላስተማመናቸው ሲል ምርምራቸውን በፓስተር ኢንስቲትዩት ቀጠሉ።

ከጦርነቱ በኋላም ትግል አልቀረላቸውም። በሶቪየት ኅብረት ሊሴንኮ የተባለው የግብርና ባለሥልጣን የዘር ሳይንስን ባሳገደ ጊዜ፣ ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል የነበሩት ሞኖ በ1948 በጋዜጣ በግልጽ ተቃወሙት። በዚህም የቀድሞ ጓዶቻቸውን አስቀይመዋል።

መልሱን ያገኙት ከፍራንሷ ዣኮብ ጋር ሲሆን በ1961 ታተመ። ባክቴሪያ ላክቶስን፣ ማለትም የወተትን ስኳር፣ የሚሰብረውን ኤንዛይም ያለ ሥራ አታመርትም። ላክቶስ በሌለ ጊዜ አጋጅ ፕሮቲን በዲ.ኤን.ኤው ላይ ተጣብቆ ጂኖቹን ይዘጋል። ላክቶስ ሲገባ ከእሱ የሚገኝ ንጥረ ነገር አጋጁን ያስለቅቀዋል፤ ጂኖቹም መነበብ ይጀምራሉ። ያቺ የመቆም ጊዜ አዲሱ ኤንዛይም እስኪመረት የምታልፍ ነበረች። ንባቡ የሚነሳበትን ቦታ በ1964 ፕሮሞተር ብለው ሰየሙት።

ሌላም መቆጣጠሪያ አለ። ምርት ሲበቃ ምርቱ ራሱ ተመልሶ የመጀመሪያውን ኤንዛይም ያስቆማል፤ መጋዘኑ የሞላ ማኅበር ግዢ እንደሚያቆም ማለት ነው። ይህን ሌሎች ቀድመው አይተውታል። ኤንዛይሙ ቅርፁን እየለወጠ እንደሚታዘዝ በ1963 እና በ1965 በሚገባ ያብራሩት ግን ሞኖና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

በ1965 ከዣኮብና ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1971 የፓስተር ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ሆነው በገንዘብ ችግር ላይ የነበረውን ተቋም ለማቃናት ሲደክሙ ቆይተው፣ በ1976 በካን ከተማ በ66 ዓመታቸው አረፉ።